የተለየችው ሲኒ

በሐዋሳ ከተማ በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤

እንደምን አረፈዳችሁ። ስለ ፈተና ውጤት ርዕሰ መምህሩ በሚገባ ተናግረዋል። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ሲኒ ልነግራችሁ ነው።

ያደግሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ነው። በገበያ ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ጀበናና ምጣዷን በሣር ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር። እናቴ ጀበናውን በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ታዳምጣለች፤ ስንጥቅ ያለበት በድምፁ ይለያል። ተከራክረው ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ቡና ይፈላል። ሴትዮዋ ግን የምትጠጣው ደጃፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲኒዋም አፉ የተሸረፈ፣ ከአጥሩ ሥር የሚቀመጥ፣ ለእርሷ ብቻ የተለየ ነበር። ሲኒ የማጥበው እኔ ነበርኩ። «ያቺን ከእኛ ጋር እንዳትደባልቂ» ትለኛለች እናቴ። አልደባልቅም። ለምን ብዬም ጠይቄ አላውቅም።

ልብ በሉ፤ ቡናው የተቀዳው ሴትዮዋ ከሠራችው ጀበና ነው። ጭቃውን አቡክታ፣ አለስልሳ፣ በእሳት አብስላ ያመጣችው ጀበና ቤታችን ገብቶ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ የሠራችው እጅ ግን ከደጃፉ አያልፍም። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ከዋጋው በላይ በቆሎ ትሰፍርላታለች፤ ልጇ ሲታመም መድኃኒት ገዝታ ሰጥታታለች። ወንበር ግን አልሰጠቻትም። ደግነትና ንቀት በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ መኖር እንደሚችሉ ያየሁት በእናቴ ቤት ነው። «እኔ ማንንም አልጠላም» የሚለው መልስ የማያሳርፈኝ ለዚህ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ብሎ ደንግጓል። ሁለቱም እናቴ ጓዳ አልደረሱም። ዛሬ ያቺ የተለየች ሲኒ ከብዙ ቤት ጠፍታለች፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ልጃችን «ላገባ ነው» ያለ ቀን የምንጠይቀውን ታውቃላችሁ። ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሥራው ሳንጠይቅ አጥንት መቁጠር እንጀምራለን። ሽማግሌ ልከን የምናስጠናው ያችኑ ሲኒ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህኛው ይከብደኛል።

መምህርት ሆኜ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ እንዲያነብ ጠራሁት። ቤቱ ሲዳምኛ ይነገራል። አንድ የአማርኛ ቃል ሲሳሳት ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን አየ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላነሣም። በካርዱ ላይ «ዓይን አፋር ነው» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ያደረግንበትን እንደ ተፈጥሮው አድርጌ በፊርማዬ አጸደቅሁት።

ያ ልጅ በቤቱ አንድ ቋንቋ፣ በከተማው ሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲሸጋገር ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። የሳቁበት ልጆች አማርኛን ከእናታቸው ጉያ ያገኙት ነው፤ እንደ እኔ። እርሱ ላቡን አፍስሶ የተማረውን እኛ ሳንደክም አገኘነው፤ መልሰንም የእርሱን ድካም ሳቅንበት። እኔ ጥቅም የምለው ይህንን ነው። ጥቅም ያለው ሰው ጥቅሙን አያየውም፤ ጫማው የሚመቸው ሰው ስለ ጫማው አያስብምና።

ይህን ስናገር «እኛም እኮ በችግር ነው ያደግነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ጦማችንን ያደርንበት ሌሊት አለ። ቢሆንም እጃችን ያረክሳል ብሎ ሲኒ የለየብን ሰው አልነበረም። ድህነታችንን ማንም አይክደንም፤ እኛም የሌላውን ቁስል መካድ የለብንም።

ባልደረቦቼ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ስለ ሰው ዘርና አነጋገር የሚነገሩትን ቀልዶች እናውቃቸዋለን። ከዓመታት በፊት እኔው አንዱን ስናገር አንዲት ወጣት መምህርት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «እትዬ፣ እርሱ እዚህ ቢኖር ይነግሩት ነበር?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ አልሰደበችኝም። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተናድጄባት አደርኩ፤ ጠዋት ስነሣ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞሮ ነበር። ተማሪዎቼ፣ ይህችን ጥያቄ ውሰዷት። ለጓደኛችሁ፣ ለአጎታችሁ፣ ለእኛም ጠይቁ። በአክብሮት ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ። ዝም ማለትን ጨዋነት አስመስለን ያሳደግናችሁ እኛ ነን፤ ተሳስተናል።

እናቴ በስተርጅናዋ ታማ ሳስታምማት ስለዚያች ሲኒ አነሣሁባት። መጀመሪያ «እንዲህ ነበር ሥርዓቱ» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ማታ፣ መብራት ላጠፋ ስል፣ «ለመሆኑ የዚያች ሴት ስም ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስንት ዓመት ቡና የጠጣነው ከእርሷ ጀበና ነበር። ሁለታችንም ስሟን አናውቀውም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።