ማስረጃው ማን ጋ ነው?

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ መጋቢት 6 ነው፤ የዓለም የሸማቾች መብት ቀን። ቀኑ የተመረጠው በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1962 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ለኮንግረሱ ስለ ሸማቾች ጻፉ። አራት መብቶች ጠቀሱ፤ ደህንነት፣ መረጃ፣ ምርጫ፣ መደመጥ። ዛሬ የማወራው በዋናነት ስለ አራተኛው ነው።

እኛ አገር ግን ይህ ቀን ሌላ ትዝታም አለው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 6፣ ዓርብ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባ። ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ከኤቲኤም ማውጣትና ማስተላለፍ ተቻለ። ወሬው መጀመሪያ የተዛመተው በዩኒቨርሲቲዎች ነበር። የግቢ ኤቲኤሞች በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ያዙ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሰልፉ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እጅ አውጡ አልልም።

ባንኩ አገልግሎቱን አቋረጠ። የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ከዚያ ገንዘቡን ወደ መልቀም ገባ። ያለአግባብ ወጣ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ተመለሰ። ያልመለሱትን ደግሞ ባንኩ በስማቸውና በፎቶግራፋቸው ይፋ አወጣቸው።

የራስ ያልሆነ ገንዘብ መመለስ አለበት። በዚህ አልከራከርም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ሲስተሙ ሁሉንም ነገር እንደሚያስታውስ አየን። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ማሽን፣ ስንት ብር እንዳወጣ፣ ለማን እንዳስተላለፈ፣ የተላለፈለትም ሰው ምን እንዳደረገበት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግብይቶች አንድ በአንድ ተለይተው ታወቁ። ቴክኖሎጂው ይህን ያህል ይችላል።

አሁን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ስህተቱ በደንበኛው ላይ ሲሆንስ? ብር ከሂሳብ ተቆርጦ ተቀባዩ ጋ አልገባም እንበል። ወይም ኤቲኤሙ "ተከናውኗል" ብሎ ጽፎ ብር ሳይሰጥ ቀረ። ወይም ባለቤቱ ያላዘዘው ክፍያ ወጣ። ይህን የምታውቁት ሁላችሁም ናችሁ። መጀመሪያ ስልክ ትደውላላችሁ። ሙዚቃ ትሰማላችሁ። ከዚያ ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ። "ሲስተም የለም" ትባላላችሁ። ሲስተም ሲኖር ቅጽ ትሞላላችሁ። በሳምንቱ ስትመለሱ ቅጹን የተቀበለው ልጅ የለም። በመጨረሻ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፤ "ማስረጃ አለዎት?"

ማስረጃ! ደንበኛው እጅ ላይ ያለው አንድ የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ቢበዛ አንድ ስክሪንሾት። ስክሪንሾት ደግሞ ዛሬ መርካቶ ውስጥ ነጋዴው እንኳ አይቀበለውም፤ ይፈበረካልና። ሙሉ መዝገቡ፣ የማሽኑ ቆጠራ፣ የመግቢያ ሰዓቱ፣ ትእዛዙ የመጣበት ስልክ መለያ፣ ሁሉም ያለው ተቋሙ ጋ ነው። ግን አስረዳ የሚባለው ምንም የሌለው ሰው ነው። መዝገቡን የያዘው ቁጭ ብሎ ይሰማል።

የዛሬው ንግግሬ ከዚህ አይርቅም። በዲጂታል ክፍያ ላይ ክርክር ሲነሳ የማስረዳት ሸክሙ መዝገቡን በያዘው ላይ ይሁን። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካኖች በኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ላይ ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ኤቲኤም ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። ሕጉ ደንበኛው "ይህን ክፍያ እኔ አላዘዝኩም" ሲል፣ አዝዟል ብሎ ማስረዳት ያለበት ባንኩ ነው ይላል። ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ያመለከተ ሰው የሚሸከመው ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ሲዘገይ መጠኑ ይጨምራል። ባንኩ አቤቱታውን በ10 የሥራ ቀን መርምሮ መጨረስ አለበት። ጊዜ ከፈለገ ይሰጠዋል፤ ግን ምርመራው እስኪያልቅ ገንዘቡን ለጊዜው ወደ ደንበኛው ሂሳብ ይመልሳል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ በጣም እወዳታለሁ። ምርመራ ሲጓተት የሚጨነቀው ባንኩ ይሆናል ማለት ነው። መቼስ የማይጨነቅ ሰው አይቸኩልም።

ያ ሕግም ቀዳዳ አለው። ሰው ተታሎ በገዛ ጣቱ የላከውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። "ከባንክ ነው የምደውለው"፣ "ሽልማት ደርሶዎታል" የሚሉትን አስቡ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ለመድፈን ሞክረዋል። እንዲህ የተጭበረበረ ሰው እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ ይመለስለታል። ወጪውን የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል ይካፈላሉ። ከባድ ቸልተኝነት ካለ አይከፈልም። የተቀበለው ባንክ መክፈሉ ላይ ልብ በሉ። ለአጭበርባሪ ሂሳብ የከፈተ ባንክ ከዚያ በፊት ብዙም አይነካውም ነበር።

እኛስ ጋ? በየቀኑ "የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ" የሚል መልእክት ይደርሰናል። ጥሩ ምክር ነው። ግን ምክሩ ሲደጋገም ኃላፊነቱ በሙሉ የደንበኛው መስሎ ይቀራል።

ሕግ የለንም ማለት አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን። ሸማች በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት እንዳለበት ይናገራል፣ ካሳም ይጠቅሳል። በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅም መብት ነው ይላል። በመስኮት በኩል "ቆይ!" ብለው ሲጮኹባችሁ የተጣሰው የተጻፈ መብት ነበር። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን ግን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ሚኒስቴሩ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲያባርር ይውላል፤ የተቆረጠ የሞባይል ክፍያ መቼ ይደርሰዋል? ብሔራዊ ባንክም በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። ስንቶቻችን ሰምተናል? በቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁትም። የብድር ማስታወቂያው ግን አለ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ በምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው። ያ ሌሊት ካለፈ ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር። የሰዎቹ ፎቶ ሲለጠፍ አዋጁ ገና በመንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቢሆን ባንኩ ያንን ያደርግ ነበር ወይ የሚለውን ለሕግ ተማሪዎቹ እተወዋለሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይሟላም። ትልቁ ባንክ የመንግሥት ነው። ቴሌብርን የያዘው ኢትዮ ቴሌኮምም በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ተቆጣጣሪዎቹም የመንግሥት ናቸው። የሚከሰሰውም የሚዳኘውም የአንድ ቤት ሰው ነው ማለት ነው። ዲጂታል መሆንም ምርጫ መሆኑ እየቀረ ነው። በአዲስ አበባ ቤንዚን በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። መንግሥት "በዚህ ብቻ ክፈሉ" ሲል፣ "ቢበላሽ ደግሞ እኔ አለሁ" ማለት ነበረበት። የመጀመሪያው በመመሪያ መጣ፣ ሁለተኛውን አሁንም እንጠብቃለን።

ከዚህ የከፋም አይተናል። በትግራይ ከ2013 ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ባንኮች ተዘግተው ነበር። ሰው በስሙ የተቀመጠ ገንዘብ እያለው መድኃኒት መግዣ አጣ። ባንኮቹ ሲከፈቱ ደግሞ በተዘጉበት ጊዜ የብድር ወለድ ይታሰብ አይታሰብ የሚል ክርክር መጣ። የቱንም ወገን ደግፉ፣ ጥያቄው የሸማች ጥያቄ ነው፤ አገልግሎቱን ያቋረጠው ደንበኛው ካልሆነ ወጪውን ለምን ይሸከማል? ይህን መጠየቅ መንግሥትን መቃወም አይደለም። መቃወም ይመስልብናል እያልን ዝም ስንል ግን የፈረደበት ሸማች ብቻውን ይቀራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ አንድ አጭር መመሪያ ያውጣ። ደንበኛ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ ተቋሙ የተወሰነ ቀን ይኑረው። ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ለጊዜው ይመለስ። ደንበኛው ተሳስቷል የሚል ተቋም መዝገቡን አውጥቶ ያሳይ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በነጻ። በየሩብ ዓመቱም እያንዳንዱ ባንክና የሞባይል ገንዘብ ድርጅት ስንት አቤቱታ እንደደረሰውና ስንቱን እንደፈታ በስሙ ያስታውቅ። የደንበኛ ስምና ፎቶ ማውጣት ከተቻለ የተቋም ቁጥር ማውጣት ይቀላል።

እስከዚያው እናንተ አንድ ነገር ልመዱ። በስልክ ብቻ አቤት አትበሉ። በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበሉ፣ የአቤቱታ ቁጥር ጠይቁ። "ቁጥር አንሰጥም" ካሏችሁ ያንኑ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ወዲያው ይገኛል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይክሮፎኑ እዚያ ጋ ነው።