ክብደታቸው እኩል፣ ሥጋቸው ለየቅል፦ መኖ የዓሣን ሰውነት እንዴት ይለውጣል?

[ምስል፦ ሆዳቸው የተከፈተ ሁለት ዓሦች]

እነዚህ ሁለት ዓሦች በዝርያም በክብደትም አንድ ናቸው። የአንደኛው አንጀት ግን በነጭ ስብ ተሸፍኗል፤ ጉበቱም ገርጥቶ አብጧል። የሌላኛው ሆድ ዕቃ ከስብ የጸዳ ሲሆን ጉበቱም ደማቅ ነው። ሚዛን ይህን አያሳይም፤ ዓሣ አደገ የሚባለው ደግሞ ስብ ሲያከማች ሳይሆን ጡንቻ ሲገነባ ነው።

ጡንቻ የሚገነባው ከፕሮቲን ነው። እንደ ትራውት ያሉ ሥጋ በል ዓሦች ከመኗቸው 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ እንደ ቆሮሶ ላሉት ግን ከጫጩትነት ካለፉ በኋላ 30 በመቶ ገደማ ይበቃቸዋል። ይሁንና መጠኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዓሣ በራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው 10 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ክፍሎች) ስላሉ፣ አንዱ እንኳ ቢጎድል፣ ሌሎቹ የቱንም ያህል ቢትረፈረፉ፣ የጡንቻው ግንባታ ባነሰው ልክ ይገደባል። በእህል መኖ ቀድሞ የሚያጥረው ላይሲን፣ በአኩሪ አተር መኖ ደግሞ ሜቲዮኒን ነው። ለግንባታ ያልዋለው አሚኖ አሲድ ለኃይል ይቃጠልና ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ በስንጥብ በኩል ይወጣል፤ በዚህም ከመኖው ሁሉ ውድ የሆነው ክፍል ዓሦቹ የሚኖሩበትን ውኃ ይበክላል።

ብክነቱን ለመቀነስ መኖው ላይ ስብ ይጨመራል፤ ዓሣው ኃይሉን ከስቡ ሲያገኝ ፕሮቲኑ ለዕድገት ይተርፋል። ልኩ ሲያልፍ ግን ትርፉ በሆድ ዕቃና በጉበት ዙሪያ፣ እንደ ሳልሞን ባሉት ደግሞ በሥጋው መካከል ጭምር ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የፕሮቲን ድርሻ እምብዛም አይለወጥም፤ ቦታ የሚለቀው ውኃው ነው።

አጥንትም ከመኖው ነጻ አይደለም። ቫይታሚን ሲ ያጣ ዓሣ አከርካሪው ይጣመማል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፎረስም አብዛኛው ፋይቴት በተባለ ውህድ ስለተያዘ፣ ይህን ውህድ የሚፈታ ኢንዛይም ካልታከለበት ለአጥንቱ አይደርስም።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የስቡ ዓይነት ነው፤ የዓሣ ሥጋ የበላውን ዘይት መልሶ ያሳያልና። የዓሣ ዘይት በአትክልት ዘይት ሲተካ፣ ሌላው ምግብ እስከተሟላ ድረስ፣ ዓሣው እንደወትሮው ሊያድግ ይችላል፤ ሰዎች ዓሣን የሚመርጡባቸው ረጅም ሰንሰለት ያላቸው የኦሜጋ 3 ስቦች ግን በሥጋው ውስጥ ይመናመናሉ። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ዓሣው ከመያዙ በፊት የዓሣ ዘይት ያለበት የማጠናቀቂያ መኖ መስጠት ነው። ቀድሞ የተከማቸው ስብ ግን በአዲሱ የሚተካው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ የሚሰጥ መኖ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ሳልሞንን ለመሳሰሉ ሥጋቸው ስባም ለሆኑ ዓሦች ሥራው ወራት ይፈጃል።