የአያታችሁን መስቀል አትፈትጉት

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ብር ጌጥ ነው። ቤት ውስጥ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴትስ ይቀመጣል። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ግን በዓል በደረሰ ቁጥር ቲክቶክ ላይ ሰው የአያቱን መስቀል ፎይልና ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ነክሮ ነጭ አድርጎ ሲያወጣው አያለሁ፣ ከስሩ ደግሞ «ዋው» የሚል ኮሜንት ይጎርፋል፣ እኔን ግን ከልቤ ነው የሚከፋኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ ከእናቷ የወረሰችው የአንገት መስቀል አላት። ከማርትሬዛ የተሠራ ነው። ጠገራ ብር የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ይመታ መቼ የሞተችበት ዓመት 1780 የተጻፈበት ማለቴ ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ። አንጥረኞቻችን መስቀሉን፣ አምባሩን፣ አልቦውን፣ ኩክ ማውጫውን ሳይቀር ይህንኑ እያቀለጡ ሠርተዋል። አንዳንዴም ሳያቀልጡ፣ ሳንቲሙን ራሱን እየቆረጡ።

የእናቴን መስቀል ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ክንፎቹ ላይ ስስ ጭረቶች፣ መሐላቸው ነጥብ ያለባቸው ጥቃቅን ክቦች አሉ። የሚታዩት ውስጣቸው ስለጠቆረ ነው። ላዩ በልብስና በቆዳ እየታሸ ያበራል፣ ጎድጓዳው ይጠቁራል፣ ንድፉም በዚህ ይጎላል። ሠሪው ሲጭረው ይህንን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥቁረቱን ጨርሳችሁ ስታወጡት የሰውዬው የእጅ ሥራ ይደበዝዛል፣ በእጃችሁ የሚቀረው ድፍን ነጭ ብረት ነው።

ጥቁረቱ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። አየር ውስጥ ያለ የድኝ ጋዝ ብሩን ሲነካው ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። እንቁላልና ሽንኩርት ድኝ አላቸው። የሱፍ ሹራብም፣ የገንዘብ ኖት የምናስርበት የጎማ ላስቲክም እንደዛው። እርጥበት ሲጨመር ይብሳል፣ ክረምት ላይ ቶሎ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ፎይሉ ይሠራል ወይ? አዎ፣ በደንብ ይሠራል፣ አልዋሽም። ሙቅ ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከስር ፎይል። ብሩ ፎይሉን ሲነካ ድኙ ከብሩ ለቆ ወደ አልሙኒየሙ ይሄዳል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታም ከዚያው ነው። ችግሩ ውሃው የማይገባበት ቀዳዳ የለም፣ ስለዚህ ላዩንና ጎድጓዳውን አይለይም። 925 የሚል ማህተም ያለው፣ ማለትም ከ1000 እጅ 925ቱ ብር የሆነ፣ ልሙጥ ሰንሰለት ከሆነ ግዴለም፣ ንከሩት። አሮጌ መስቀል፣ ወርቅ ቅብ፣ አምበር ወይም ዶቃ ያለበት፣ ድንጋዩ በሙጫ የተያዘ ከሆነ ግን አደራችሁን፣ እዛ ውስጥ አይግባ።

ታዲያ በምን ይጸዳል? ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ። በቃ። ላብና ቅባቱ ይለቃል፣ ጥቁሩ ባለበት ይቀመጣል። ማተቡን መጀመሪያ አውጡት፣ ክሩ ውሃ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ባረጀ ነጠላ ቁራጭ አድርቁት፣ በጣም አድርቁት፣ በተለይ ከላይ መታጠፊያ ያለው መስቀል ከሆነ ውሃ እዛ ጋ ይደበቃል። ላዩን ማብራት ከፈለጋችሁም በዚያው ደረቅ ጨርቅ አሸት አሸት ማድረግ ይበቃል።

የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ አሸዋ፣ እነዚህን ተዉአቸው። ብር ለስላሳ ነው፣ ይጫራል፣ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሲፈተግ የኖረ መስቀል ላይ የንድፉ ጭረት ራሱ ተልጦ አልቆ ታገኙታላችሁ። በረኪናማ ጭራሽ አይታሰብም። ቀለበት አድርጋችሁ በበረኪና ልብስ አትጠቡ፣ ያጠቁረዋል፣ ይበላዋልም።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም፣ እኔ ግን ከማጽዳቱ ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም በደንብ የተቀመጠ ብር ብዙ ማጽዳት አይፈልግም። እያንዳንዱን ለብቻው በንጹህ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ከትታችሁ አየሩን አስወጡ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምንጥላት «አትብላ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል፣ እሷን ጨምሩበት፣ እርጥበት ትስባለች። ከሱፍ ልብስ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አታድርጉት። ሰንሰለትና መስቀል አንድ ላይ አይቀመጡ፣ ይፋፋቃሉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ማድረግ ነው። የእናቴ መስቀል ላዩ ሁሌ የሚያበራው ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ ጥገና። መንጠልጠያው ሳስቶ ሊበጠስ ከደረሰ ሳይጠፋ ወደ ብር ሠሪ ውሰዱት። ግን ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ብዙዎቹ በይደው ሲጨርሱ እናሳምረው ብለው ሙሉውን አሲድ ውስጥ ይከቱታል። የተበየደበትን ቦታ ብቻ እንዲያጸዳላችሁ ንገሩት፣ ከተቻለም እዛው ቁጭ ብላችሁ አሠሩት።

የመስቀላችሁን ፎቶ ፊቱንም ጀርባውንም አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ምን እንደሚያስፈልገው አብረን እናያለን። ቸር ሰንብቱ።