ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት መቆም፦ የአክስቴ 60 ሺህ ብር

ሰላም ወዳጆች። ዛሬ የምናወራው ስለ ክስ ነው። "ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም" ብላችሁ ገንዘባችሁን ሰው እጅ ላይ የተዋችሁ ካላችሁ ይህ ቪዲዮ የእናንተ ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ ማለትም እንደ ብድር ባለ ወንጀል ባልሆነ ክርክር፣ ራሳችሁ ከሳችሁ ራሳችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ጠበቃ መያዝ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም።

አክስቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ቡናዋን ሸጣ ያጠራቀመችውን 60 ሺህ ብር ባሕር ዳር ላለ አንድ የምታውቀው ሰው ለባጃጅ መግዣ አበደረችው። በስድስት ወር እመልሳለሁ አለ። ዓመት አለፈ። ሽማግሌ ተላከ፣ ዛሬ ነገ ሆነ፣ በኋላ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ተወ።

ያዳናት ሲበደር የፈረመላት ወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም ይላል። ወይ ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ወይ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመን ወይም መሐላ። ዛሬ 500 ብር ማለት ብድር ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለወንድማችሁም ቢሆን ስታበድሩ አስፈርሙ፣ እባካችሁ።

አሁን ወደ ክስ ማመልከቻው። መጀመሪያ ያስጻፍነው ሦስት ገጽ ነበር፤ ቤቷ ስንቴ እንደበላ፣ እንደ ልጅ እንዳየችው፣ እንዴት እንደካዳት ሁሉ ተጽፏል። ያማል፣ እውነትም ነው፤ ግን ለዳኛው አይጠቅምም። ቀደድነውና እንደገና ጻፍን፦

(በስክሪን ላይ) "ከሳሽ መስከረም 10 ቀን 2015 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ ለተከሳሽ 60,000 ብር ያበደርኩ ሲሆን፣ ተከሳሽ መጋቢት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊመልስ በጽሑፍ ተስማምቶ እስካሁን አልከፈለኝም።"

ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት። በቃ። ከዚያ "የምጠይቀው ዳኝነት" የሚለው ይመጣል፤ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤት ያልጠየቃችሁትን አይሰጣችሁም። እኛ ዋናውን ገንዘብ፣ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እና ለክሱ የወጣውን ወጪና ኪሳራ ጠየቅን። ማስረጃችሁንም አብራችሁ ዘርዝሩ፤ ምስክር ካለ ከነስሙና ከነአድራሻው። "በኋላ አመጣለሁ" ያሉት ማስረጃ በኋላ በቀላሉ አይገባም።

የዳኝነት ክፍያ አለ፣ በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው የሚሰላው። አቅም ከሌላችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳትከፍሉ፣ ለመክሰስ አመልክቱ። ጽሑፉ ካስቸገራችሁ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቀጠሮ! አክስቴ በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ጠዋት በጀልባ ተነሳች፤ ሐይቁ መሀል ሞተሩ ጠፋ። ስትደርስ ችሎቱ አልፏል። ተከሳሹ ቀርቦ ስለነበር መዝገቡ ተዘግቷል። እንዲህ ሲሆን ያልቀረባችሁበትን በቂ ምክንያት ጽፋችሁ በአንድ ወር ውስጥ "ይከፈትልኝ" ማለት ትችላላችሁ። ተከፈተላት። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ሲኖራት ዋዜማውን እኛ ቤት ነው የምታድረው።

ችሎት ላይ እኔ ኋላ ተቀምጫለሁ። እሷ ቆማ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረች። ዳኛው ረጋ ብለው "እናቴ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእሱ ነው?" አሏት። "አዎ ጌታዬ፣ ፊቴ ነው የፈረመው።" ተከሳሹ "ከፍያለሁ፣ ምስክር አለኝ" አለ። ግን መክፈሉንም ቢሆን የሚያስረዳው በጽሑፍ ነው፣ ያው አንቀጽ። ደረሰኝ አልነበረውም። እናንተም የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ፤ ሌላው ሲናገር አታቋርጡ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ ተራችሁ ይደርሳል።

ተፈረደላት። ግን ፍርድ ማለት ገንዘብ ማለት አይደለም። ተሸናፊው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ካልከፈለም ፍርዱ እንዲፈጸምላችሁ እናንተ ናችሁ የአፈጻጸም መዝገብ የምታስከፍቱት፣ ንብረቱ ምን እንደሆነና የት እንዳለም እናንተ ናችሁ የምትጠቁሙት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደክመዋል። አክስቴን የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ (ሬጅስትራሩ) "ምን ንብረት አለው?" ሲላት ከመቀነቷ የተጣጠፈች ወረቀት አወጣች። የባጃጁ ታርጋ ቁጥር ነበር።