ቅዳሜ ለሚጋለብ ፈረስ ሥራው ሰኞ ይጀመራል

በሱሉልታ ለጋጣ ሠራተኞች፣ ለፈረስ አከራዮችና ለባለቤቶች በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የፈረስ ባለቤቶች፣ ባልደራሶች፣ ከእንጦጦ፣ ከለገጣፎና ከዚሁ ከሱሉልታ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አደራችሁ። ገና በጨለማ ተነሥታችሁ ፋንድያ ጠርጋችሁ፣ ውሃ ቀድታችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ ሰላምታውን አላስረዝምም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ የግልቢያ ቤት አንድ የራሱ ጠባይ አለው። ደንበኛው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፈረሱ ጋጣ ውስጥ ይቆማል፣ ወይም ሜዳ ላይ በገመድ ታስሮ ይውላል። ገብሱ ግን አይቀነስበትም፤ ለፈረስ መራራት ማለት ማብላት ይመስለናልና። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኪኖች መድረስ ሲጀምሩ ያው ፈረስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ይፈራረቅበታል። የሆድ ቁርጠቱም፣ የጀርባ ቁስሉም፣ በግልቢያ መሃል መቆሙም በአብዛኛው የሚመጡት ከዚህ ከተዛባ ሳምንት ነው። ስለዚህ ዛሬ አብዝቼ የምናገረው ስለ ቀሪዎቹ አምስት ቀናት ነው።

ከሁሉ በፊት ጡንቻ የሚቆልፈውን በሽታ ላንሣ። በሌላ አገር የእርሻና የጋሪ ፈረሶች እሑድ ሙሉ እህል እየበሉ አርፈው ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገቡ ነበር የሚይዛቸው። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ነው የሚይዘው። ፈረሱ ከጋጣ ሲወጣ ደኅና ነው፤ ከሩብ ወይም ከግማሽ ሰዓት በኋላ እርምጃው ያጥራል፣ ያልበዋል፣ የኋላ እግሩ ይገተራል። ዳሌውን በእጃችሁ ብትጫኑት እንደ እንጨት ደርቋል። ሽንቱ ቡና ከመሰለ ጡንቻው እየተጎዳ ነው ማለት ነው፤ ከጡንቻው የሚወጣው ነገር ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት «ስንፍና ነው» ብሎ መግረፍ ነው። ሌላው «ሲራመድ ይፍታታል» ብሎ እስከ ጋጣው ድረስ መንዳት ነው። ሁለቱም ጉዳቱን ያብሳሉ። እዚያው አቁሙት፣ ኮርቻውን አውርዱ፣ ጀርባውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ውሃ አቅርቡለት፣ ሐኪም ጥሩ። እህል ለጥቂት ቀናት አይቅመስ፤ ድርቆሽ ይበቃዋል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ እህል ሥራን ይከተል። እሑድ ማታ የእህሉን መጠን በግማሽ ቀንሱ። ሰኞ ፈረሱ ይረፍ፣ ግን ታስሮ አይረፍ፤ ሜዳ ላይ ይለቀቅ፣ ቦታ የሌላችሁ ለግማሽ ሰዓት በአፍሳር ይዛችሁ አራምዱት። ማክሰኞ በረጅም ገመድ ዙሪያውን አሠሩት፤ ክቡ ከ15 ሜትር ያልጠበበ ይሁን፣ በግራም በቀኝም እኩል አሥር አሥር ደቂቃ። ጠባብ ክብ ላይ ማሽከርከር መገጣጠሚያ ይጎዳል። ረቡዕ ችሎታ ያለው ጋላቢ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያሠልጥነው፤ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ጥቂት ግልቢያ። ሐሙስ ዳገት በእርምጃ ብቻ፤ የእንጦጦ ተዳፋት ለልብና ለኋላ እግር ከማንኛውም ሜዳ ይበልጣል። ዓርብ ሃያ ደቂቃ ቀላል ሥራ፣ ከዚያ ሰኮና፣ ጀርባና ዕቃ ፍተሻ። እህሉም ሐሙስና ዓርብ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለስ። ይህን ስል አንዳንዱ «በሳምንቱ መሃል ማን ይጋልበዋል?» ይለኛል። ያ የባለቤቱ ጥያቄ ነው፤ የአንድ ጋላቢ የሁለት ቀን ክፍያ ከአንድ የታመመ ፈረስ ወጪ ያንሳል።

አሁን ወደ መኖው እንግባ። «አንድ ጣሳ»፣ «ሁለት ጣሳ» ማለታችንን ካልተውን መግባባት አንችልም። የአንድ ጣሳ ፍሩሽካና የአንድ ጣሳ ገብስ ክብደት እጅግ ይለያያል። ሚዛን ግዙ፤ ከዚያ የምትሰፍሩበት ጣሳ በየመኖው ስንት እንደሚይዝ ግድግዳው ላይ ጻፉ። የፈረሱንም ክብደት ያለ ትልቅ ሚዛን መገመት ይቻላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከትከሻው ጉብታ ጀርባ ደረቱን ዞሮ ይለካ። ቀጥሎ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱ ይለካ። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 144፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 244 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የአገራችን ደጋ ፈረስ ብዙ ጊዜ በዚህ አካባቢ ነው።

250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ድርቆሽ መሆን አለበት። ለሚሠራ ፈረስ ከዚህ ውስጥ ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል የተከካ ገብስ ወይም አጃ ከድርቆሹ ላይ ቀንሳችሁ ስጡ፤ እሱንም ሁለት ቦታ ከፍላችሁ። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ማስታወክም አይችልም፤ የገባው ሁሉ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሳይፈጩት ያለፈ እህል ትልቁ አንጀት ውስጥ ይቦካል፤ ጋዝ ይሞላል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣና ፈረሱ መርገጥ ያቅተዋል። ገብስ ሳይከካ ከተሰጠ ከፊሉ እንዳለ በፋንድያው ይወጣል፤ ፋንድያውን በትናችሁ እዩት።

ስለ ፍሩሽካ ደግሞ፤ ርካሽ ነው፣ ፈረስም ይወደዋል። ነገር ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ወራት ሙሉ ፍሩሽካ በብዛት የሚበላ ፈረስ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይስባል፤ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ማነከስ ይጀምራል። በቀን ከግማሽ ኪሎ አትለፉ፣ አልፋልፋ ካገኛችሁ ጨምሩበት። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ የሚሠራ ፈረስ ጉልበት አያገኝበትም። ድርቆሽ ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ሣሩ ታጭዶ በደንብ ሲደርቅ፣ የዓመቱን ግዙና ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጡ። ክረምት ላይ የሻገተውን «እናራግፈው» አትበሉ፤ ጣሉት። አቧራ ብቻ ከሆነ ለሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ስጡት፣ ሳሉ ይቀንሳል። ጨው ከግርግሙ አጠገብ አይጥፋ፤ አሞሌ ጨው በገመድ አንጠልጥሎ ማስላስ እስከ ዛሬ የተሻለ ነገር አልተገኘለትም።

ውሃ ከ15 እስከ 30 ሊትር በቀን፣ እንደ ሥራው። የሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ፈረሱ ጠዋት ውሃ አይደፍርም፤ ደረቅ ድርቆሽ በልቶ ካልጠጣ አንጀቱ ይደፈናል። ጀሪካኑን ጸሐይ ላይ አቆዩት። ከሥራ የመጣ ላብ ያጠለቀው ፈረስ ውሃ መከልከል አለበት የሚለው ልማድ ግን ይቅር። ደርሶ ይጠጣ፤ የሚዘገየው እህሉ ነው፣ ትንፋሹ እስኪረጋ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳታበሉ፣ በየፈረሱ ፊት ሁለት ደቂቃ ቁሙ። የማታውን ጨርሷል? ስንት ጊዜ ፋንድያ ጥሏል? ጉዝጓዙ ተመሳቅሏል? የተንከባለለ ፈረስ ጀርባው ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይገኛል። የልብ ምቱ በመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ለ15 ሰከንድ ተቆጥሮ በአራት ሲባዛ ከ28 እስከ 44 መሆን አለበት፤ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 እስከ 16፤ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5። እነዚህን ፈረሱ ጤነኛ ሳለ ለክታችሁ ካልጻፋችሁ በታመመ ቀን ቁጥሩ አይረዳችሁም። ጎኑን እየዞረ ካየ፣ መሬት ከጎደፈረ፣ ጆሯችሁን ጎኑ ላይ ስታደርጉ የአንጀት ድምፅ ካልሰማችሁ፣ መኖውን አንሡና ሐኪም ጥሩ። በጠርሙስ ዘይት ወይም አረቄ በአፉ አታፍስሱበት፤ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ሐኪሙ በቱቦ ነው የሚሰጠው። የከተማ ዳር ግጦሽ ላይ የሚውል ፈረስ ፌስታል እንደሚውጥም አስቡ፤ ከመልቀቃችሁ በፊት ሜዳውን ልቀሙ።

ቀጥሎ ጀርባ። በልምድ የተያዘው መለኪያ ፈረስ የሚሸከመው ከክብደቱ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ኮርቻውን ጨምሮ። ለ250 ኪሎ ፈረስ 50 ኪሎ ማለት ነው። ኮርቻው ሰባት ኪሎ ከሆነ ለሰው የሚቀረው 43 ነው። ገበያችን ሊያልቅ ነው የምትሉ ታያላችሁ፣ ፊታችሁ ይናገራል። መፍትሔው መቀበያው ላይ የሰው ሚዛን ማኖር ነው። ትንንሾቹን ፈረሶች ለልጆችና ለቀላል ሰው፣ ትልልቆቹንና ድቅሎቹን ለአዋቂ መድቡ። 90 ኪሎ ሰው ለትንሽ ፈረስ አይሰጥም፤ ምንም ያህል ቢከፍል።

ኮርቻው ሲጫን ከትከሻው ጉብታ በላይ ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር፤ ሰው ከተቀመጠበት በኋላም ክፍተቱ መታየት አለበት። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ግላስ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት እንጂ ጉብታው ላይ ተወጥሮ አይቅር። ጠፍሩን ስታጠብቁ ፈረሱ ሆዱን ይነፋል፤ አምስት ደቂቃ አራምዳችሁ ዳግም አጥብቁ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል። ግልቢያው ሲያልቅ ኮርቻውን አውርዱና የላቡን ቅርጽ እዩ። ጀርባው ሁሉ ረጥቦ አንድ ቦታ ብቻ መዳፍ የሚያህል ደረቅ ካለ፣ እዚያ ቦታ ግፊቱ ደም እንዳያልፍ እያደረገ ነው። ዛሬ ደረቅ የሆነው ቦታ ከሳምንታት በኋላ ይቆስላል፤ ሲድንም ነጭ ጸጉር ያበቅላል። የነጭ ነጠብጣብ ጀርባ ያለው ዳማ ፈረስ ለሽያጭ ሲቀርብላችሁ ታሪኩን ከዚያ አንብቡ። እርካቡም ከጫማው ጎን ለጎን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፤ ጠባብ እርካብ የወደቀን ሰው ይዞ ይጎትታል።

ስለ ማሠልጠን አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቆይ። ፈረስ የሚማረው ሲጫኑት አይደለም፤ ሲለቁለት ነው። ዛቡን ሳባችሁ ሲቆም በዚያችው ቅጽበት ካልለቀቃችሁ፣ መቆሙ ምንም እንዳልጠቀመው ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አፉን ያደነድናል። የግልቢያ ቤት ፈረስ አፉ የሚደነድነው በዚህ ነው፤ ጀማሪ ደንበኛ ሁሉ በዛቡ ተንጠልጥሎ ሚዛኑን ይጠብቃልና። ባህላዊው የቀለበት ልጓም በዐዋቂ እጅ ድንቅ ነው፤ በጀማሪ እጅ ግን መንጋጋ ይሰብራል። ለጀማሪ መሃሉ የሚታጠፍ ቀላል ልጓም አድርጉ፤ የአፉ ማዕዘን ላይ አንድ ወይም ሁለት መጨማደድ እስኪታይ ድረስ። የመጀመሪያውን ሰዓት ደግሞ ጀማሪው የጋማውን ሥር ይያዝ፣ ፈረሱን እናንተ ምሩት።

ከሲኖትራክና ከባጃጅ ጋር ማላመድም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። መንገድ ዳር ወስዳችሁ አታስሩት። ጆሮውን አቁሞ መመልከት ከሚጀምርበት ርቀት ላይ ቁሙ፤ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከንፈሩን ሲያላምጥ፣ ዞራችሁ ራቁ። ነገ አሥር እርምጃ ቅረቡ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ፈረስ ይህ ሁሉ ያለ ጋላቢ ይሠራ።

ሰኮና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከተረከዝ ወደ ጫፍ ይጠረግ፤ መሃሉ ያለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ከጠቆረና ከገማ ጉዝጓዙ እርጥብ ነው ማለት ነው። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይስተካከል። ትል ስታክሙ ለከብት የተሠራውን መርፌ አትውጉ፤ በአፍ የሚሰጠውን ጠይቁ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ጊዜው ነው። የምታስተላልፈው ከረጠበ አፈር የምትፈለፈል እጅግ ደቃቅ ተናካሽ ዝንብ ናት፤ የምትነክሰውም ከጸሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ፈረስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አይደር፤ የጋጣው መስኮት በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን፣ የፋንድያው ክምር ከጋጣው ይራቅ። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ዝናቡ ሳያልቅ አስቀድማችሁ በየዓመቱ አስከትቡ። ቫይረሱ 9 ዓይነት ስለሆነ የአንዱ ክትባት ለሌላው ሙሉ ዋስትና አይሆንም፣ የተከተበም ማታ ይግባ። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካበጠ፣ ትኩሳቱ ከ40 ካለፈ፣ ከአፍንጫው አረፋ ከመጣ፣ ሥራ ወዲያው ይቁም፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ በዚያው ቀን ይነገር።

አሁን ወደ ጋጣው እንወርዳለን። አምስት አምስት ሆናችሁ አንድ አንድ ፈረስ ትይዛላችሁ፤ ሜትርና ወረቀቱ በሩ ላይ አለ። መጀመሪያ የልብ ምት ቁጠሩ፣ ክብደቱን አስሉ፣ ከዚያ የዚያን ፈረስ የሰኞና የቅዳሜ መኖ በኪሎ ጻፉልኝ። ግራ ዳር ያለው ቦራ ፈረስ የኋላ እግሩን ስለማያስነካ በደረቱ በኩል ብቻ ቅረቡት።