ቅዳሜ የመጡት ልጆች፦ ስለ አንድ የበርሜል ፋብሪካ

መስፍን፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ባለፈው ስለ ቅርስ ቤቶች እድሳት ስናወራ እኔ ትንሽ ተነጫንጬ ነበር። አሮጌ ቤት ይታደሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ማኪያቶው ውድ የሆነ ካፌ ይሆንና የሰፈሩ ሰው በአጥሩ በኩል አይቶት ያልፋል። ሂሩት ዛሬ መልስ ይዛ መጥታለች።

ሂሩት፦ መልስ እንኳን አላልሁም። አንድ ፋብሪካ ይዤ ነው የመጣሁት። ብራዚል ውስጥ፣ ሳኦ ፓውሎ ከተማ፣ ፖምፔያ የሚባል ሰፈር። ቦታው ሴስክ ፖምፔያ ይባላል። ካፌም ሬስቶራንትም አለው፤ ነገር ግን በትልቁ አዳራሽ ምንም ሳይገዙ ቁጭ ብለው ቼዝ የሚጫወቱ አዛውንቶች አሉ፤ ተነሡ የሚላቸው የለም።

መስፍን፦ የምን ፋብሪካ ነበር?

ሂሩት፦ የበርሜል። በ1938 የተሠራው ለአንድ የጀርመን ኩባንያ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠራ እናገራለሁ። ኋላ በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ተመረቱበት። ከዚያ ፋብሪካው ሥራ አቆመና በ1971 ሴስክ ገዛው።

መስፍን፦ ሴስክ መንግሥት ነው?

ሂሩት፦ አይደለም፤ ግን በሕግ የቆመ ነው። ከ1946 ጀምሮ በብራዚል የንግድና የአገልግሎት ድርጅቶች ለዚህ ተቋም ያዋጣሉ፤ መዋጮው አሁን ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ 1.5 በመቶ ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው የንግዱ ዘርፍ ማኅበራት ናቸው። ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ ስፖርት፣ ቲያትር፣ ትምህርት፣ የጥርስ ሕክምና ሳይቀር ያቀርቡበታል።

መስፍን፦ ይህን ቁጥር አድማጮች ያዙልኝ። ስለ እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲጻፍ ፎቶው ያምራል፣ አርክቴክቱ ይመሰገናል፣ መብራቱን ማን እንደሚከፍል ግን የሚናገር የለም።

ሂሩት፦ እሺ፣ ወደ አርክቴክቷ ልግባ። ሊና ቦ ባርዲ። በ1914 ሮም ተወለደች፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ከባሏ ጋር ብራዚል ገባች፣ እስክትሞትም ድረስ ብራዚላዊት ሆና ኖረች። በ1968 የተመረቀውን የሳኦ ፓውሎ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የነደፈችው እሷ ናት፤ 74 ሜትር ያህል ያለ ምሰሶ የሚሻገረውን፣ ሥሩ ለሕዝብ ክፍት አደባባይ የሆነውን። ወደ ፖምፔያ ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደችው በ1976 ነው። በዚያን ዕለት የማረካት ኮንክሪቱ ነበር። ቀጫጭን ምሰሶዎች፣ ጥርት ያለ አሠራር፤ የፈረንሳዩ መሐንዲስ ሄነቢክ በዘመኑ ካስለመደው የኮንክሪት አሠራር ጋር የሚመሳሰል። እንደማንኛውም አርክቴክት፣ ይህማ መፍረስ የለበትም አለች።

መስፍን፦ እስከዚህ ድረስ የተለመደ ታሪክ ነው።

ሂሩት፦ የሚለወጠው ሁለተኛውን ጉብኝት ስታደርግ ነው። ቅዳሜ ነበር። ራሷ እንደጻፈችው ሕንፃው ባዶ አልነበረም። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ጣሪያው ተቀዳዶ ዝናብ በሚያስገባበት ቦታ ወጣቶች ውሃ ላይ ኳስ እየመቱ ይስቃሉ። እናቶች በመግቢያው በኩል ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ሳንድዊች ያዘጋጃሉ። ወዲያ ማዶ የአሻንጉሊት ቲያትር አለ፣ በሕፃናት ተሞልቷል። ሴስክ ቦታውን ከገዛ በኋላ ሰዉ በራሱ መንገድ ይጠቀምበት ጀምሮ ነበር። ሊና ያን ጊዜ የወሰነችው፣ ይህ ሁሉ ደስታ እንዳለ ይቀጥል ብላ ነው። ሌላ ቅዳሜና እሁድም ተመልሳ ሄዳ ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ስትመለከት ቆየች።

መስፍን፦ ቆንጆ ነው፤ ግን ትንሽ የተረት ሽታ አለው። እያንዳንዱ አርክቴክት «ሕዝቡን አዳመጥሁ» ይላል። በሕንፃው ላይ ምን ታየ?

ሂሩት፦ እሺ፣ በእጅ የሚዳሰሰውን ልንገርህ። አንደኛ፣ ቢሮዋን ግንባታው ቦታ ላይ አደረገች። ከሁለት ወጣት አርክቴክቶች፣ ከአንድሬ ቫይነርና ከማርሴሎ ፌራዝ ጋር እዚያው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሆነው ይሠሩ ነበር። ከ1977 እስከ 1986፣ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ንድፉ አልቆ ለተቋራጭ አልተሰጠም፤ ከግንበኛውና ከአናጢው ጋር እየተነጋገሩ ነው የሠሩት። ልስኑን አራግፈው ጡቡንና ኮንክሪቱን አወጡት፤ መልሰው አልለሰኑትም፣ አልቀቡትም። በግቢው መሐል ያለው መንገድ በድንጋይ ንጣፍ፣ ግራና ቀኙ ክፍት የውሃ መውረጃ ቦይ ሆኖ ከዋናው በር ቀጥ ብሎ ይገባል። ከውጭ ያለው ጎዳና በቀጥታ ወደ ውስጥ የቀጠለ ነው የሚመስልህ።

መስፍን፦ ግድግዳዎቹንስ?

ሂሩት፦ የውስጥ ግድግዳ ብዙ የለም፤ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ክፍት ተወችው። መሬቱን ሰንጥቃ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ ዝቅ ያለ ውሃ አስገባች። ከውሃው ባሻገር እሳት የሚነድበት ምድጃ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ከፍ ባሉ የኮንክሪት መደቦች ላይ ነው። እንግዲህ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ሕፃን ውሃው ዳር ይንበረከካል፣ ሽማግሌ ምድጃው አጠገብ ያንቀላፋል፤ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር። የሸክላ፣ የሽመናና የሥዕል ሥራ የሚማሩበት ክፍል ደግሞ የሚከፋፈለው በብሎኬት ነው፤ ብሎኬቱ ግን ጣሪያው ጋ አይደርስም። ቆም ካልህ ጎረቤትህ የሚሠራውን ታያለህ።

መስፍን፦ ጫጫታ አይሆንም?

ሂሩት፦ ይሆናል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋል። እሷ ግን ለሁሉም እኩል የምትመች አልነበረችም፤ ቲያትር ቤቱን ብታይ ትስቃለህ። መድረኩ መሐል ላይ ነው፣ ተመልካቹ በሁለት በኩል ፊት ለፊት ይተያያል። ወንበሮቹ ደግሞ ጥርብ እንጨት ናቸው። ትራስ የለ፣ ስፖንጅ የለ። ሆን ብላ ነው። ጥንት ቲያትር አደባባይ ላይ ሰው ቆሞ የሚያየው ነበር፣ ለስላሳ ወንበር ኋላ ቤተ መንግሥት ያመጣው ነው የሚል ክርክር ነበራት።

መስፍን፦ ሁለት ሰዓት እንጨት ላይ!

ሂሩት፦ ቅዳሴ ቆመን የምናስቀድስ ሰዎች በዚህ አንማረርም።

መስፍን፦ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ አለ። (ሳቅ) አሁን ፎቶውን እያየሁ ነው። ጡቡን ወድጄዋለሁ። እነዚህ ከጎኑ የቆሙት ሁለት የኮንክሪት ፎቆች ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እስር ቤት ነው የሚመስሉት። መስኮቱ ደግሞ ቦንብ የመታው ይመስላል።

ሂሩት፦ ቢነግሯት ደስ ይላት ነበር። ከሙዚየሙ የባሰ አስቀያሚ እንዲሆን እፈልጋለሁ ትል ነበር። ፋብሪካው ለስፖርት የሚበቃ ቦታ አልነበረውም። የቀረው መሬት ላይ ደግሞ ችግር አለ፤ አግዋ ፕሬታ የሚባል ወንዝ ከሥር በቦይ ይሄዳል፣ በላዩ መገንባት አይቻልም። ስለዚህ ሕንፃውን ለሁለት ከፈለችው። በአንዱ ፎቅ ላይ ዋናና ተደራርበው የተሠሩ የኳስ ሜዳዎች፣ በሌላው ላይ ልብስ መቀየሪያና የልምምድ ክፍሎች፤ በመካከላቸው አየር ላይ የተዘረጉ የኮንክሪት ድልድዮች። መለያውን የለበሰ ተጫዋች ወደ ሜዳው ለመግባት ድልድዩን መሻገር አለበት። ከተማው ከሥሩ፣ ነፋሱ ከጎኑ፣ ዝናብ ከሆነም ዝናቡ በላዩ።

መስፍን፦ ቀዳዳዎቹስ?

ሂሩት፦ ዋሻ እንዲመስሉ ነው የሠራቻቸው። መስታወት የላቸውም። ከውስጥ ቀይ የእንጨት ፍርግርግ አለ፤ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሜዳው ላይ ሲጫወቱ ነፋሱ በዚያ ይገባል፣ አየር ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ወንዙ ባለበት መሬት ላይ ደግሞ ረጅም የእንጨት ወለል አነጠፈችበት። ሳኦ ፓውሎ ባሕር የሌለው ከተማ ነው። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሰዎች ፎጣቸውን ይዘው እዚያ ይጋደማሉ፤ «ባሕር ዳርቻው» ይሉታል።

መስፍን፦ ይኸኛውን ገዛሁ። የማይሠራበትን መሬት ትርፍ ቦታ ብሎ አለማጠር ብልህነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይህ ሁሉ በየትኛው መንግሥት ጊዜ ነው የተሠራው?

ሂሩት፦ ጥሩ ጥያቄ። ብራዚል ከ1964 እስከ 1985 በወታደሮች አገዛዝ ሥር ነበረች። የፋብሪካው ክፍል የተከፈተው በ1982 ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን ማለት ነው። ሊና ራሷ ቀምሳዋለች። በሳልቫዶር ከተማ ሶላር ዶ ኡኛዎ የሚባለውን ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረ ግቢ አድሳ በ1963 የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም አድርጋው ነበር። እዚያ ውስጥ የሠራችውን የእንጨት ደረጃ ብታየው! ያለ ምስማር፣ እንደ በሬ ጋሪ በማቆላለፍና በሽብልቅ ብቻ የተገጣጠመ። በዓመቱ መፈንቅለ መንግሥቱ መጣ፣ ሙዚየሙ በወታደሮቹ እጅ ገባ፣ ሊናም ተገፋች። ስለዚህ ፖምፔያን «የነፃነት ምሽግ» ብላ ስትጠራው ለማሳመር ብቻ አልነበረም።

መስፍን፦ እንግዲህ ወደ አገራችን ልመልስሽ፤ አድማጭ መጠየቁ አይቀርም።

ሂሩት፦ ባልጠየቅኸኝ እመርጥ ነበር፤ ግን አንድ የሚያገናኝ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። የግብር አዳራሹ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ለአራትና ለአምስት አባወራ ተሰጠ። የቅርስ ባለሙያዎች ይህን የጉዳት ታሪክ አድርገው ነው የሚተርኩት። እኔ ግን ግማሹን እቃወማለሁ። ሰው የሌለበት የጭቃና የእንጨት ቤት ሁለት ክረምት አይችልም። ቆርቆሮው ሲበሳ ላስቲክ ያለበሱት፣ ምሰሶው ሲያዘነብል ድጋፍ ያቆሙት እነዚያ ተከራዮች ናቸው።

መስፍን፦ እኔ ደግሞ ሌላውን ግማሽ እቃወማለሁ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ዘመድ ነበረኝ። የሰገነቱ ፍልፍል እንጨት አንድ በአንድ ለማገዶ ሲሄድ አይቻለሁ፤ መጸዳጃው ለስንት ቤተሰብ አንድ እንደነበረም አውቃለሁ። ደግሞም የአንቺ ፋብሪካ ውስጥ የሚያድር ሰው አልነበረም። ልጆቹ ኳሳቸውን ተጫውተው ማታ ቤታቸው ነው የሚገቡት። ሊና ማንንም ማስነሣት፣ ለማንም ምትክ ቤት መፈለግ አላስፈለጋትም። እዚህ አሮጌ ቤት ሲታደስ የመጀመሪያው ሥራ ነዋሪውን ማስወጣት ነው። ከዚያ በሩ ላይ ዘበኛ ይቆማል።

ሂሩት፦ ልክ ነህ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። መኖሪያ ቤትን እንደ ፖምፔያ ማድረግ አይቻልም። ግን ሰፈሩ ውስጥ ማንም የማያድርባቸው አሮጌ ሕንፃዎችም አሉ። መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ ባቡር ጣቢያ። ለገሃር ጣቢያ ከ1929 ጀምሮ ቆሟል፤ ያ ዓይነት ሕንፃ ሲታደስ ከፕላኑ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ቅዳሜና እሁድ በዙሪያው ማን ምን እንደሚያደርግ ቢጽፍ እወዳለሁ። ሊስትሮው የት ይቀመጣል? ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት በየትኛው ሰዓት ነው? እድሩ ድንኳኑን የት ይተክላል? ይህ በጀት አይጠይቅም።

መስፍን፦ መብራቱን የሚከፍለው ግን አሁንም አልተገኘም።

ሂሩት፦ አልተገኘም። የ1.5 በመቶው ዓይነት ነገር ከሌለ ሕንፃው ይታደስና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለሠርግ ይከራያል። በዚህ አንለያይም።

መስፍን፦ ፖምፔያ ራሱስ አሁን እንዴት ነው?

ሂሩት፦ ይሠራል። በ2015 የብራዚል የቅርስ ተቋም መዝግቦታል፤ ጡቡ ብቻ ሳይሆን አንተ እስር ቤት ያልኸው ኮንክሪትም ጭምር ቅርስ ሆኗል።

መስፍን፦ የመጨረሻ ጥያቄ። እኔ ነገ ሳኦ ፓውሎ ብወርድ፣ መታወቂያ ሳልይዝ መግባት እችላለሁ?

ሂሩት፦ መንገዱ፣ ትልቁ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የእንጨቱ ወለል፤ ማንም ሳይጠይቅህ ትገባለህ። ለስፖርቱ የአባልነት ካርድ ያስፈልጋል፤ ቅድሚያው ለንግድ ሠራተኞች ነው። ዋና መግባት ከፈለግህም ያው ካርዱን ትጠየቃለህ።

መስፍን፦ ዋናው ይቅርብኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ አያለሁ።