ቀይ ባሕር ባዶ የነበረ ጊዜ

እሺ።  ዛሬ አንድ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት አሉ። ባለ አንድ ሴል ሆነው የኖራ ዛጎል ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ወለሉ ላይ፣ አንዳንዶቹ ውሃው ውስጥ ተንሳፈው ይኖራሉ። ሲሞቱ ዛጎላቸው ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ደለል ይለብሳል፣ ይቀመጣል።

እነሱን የሚያጠና አንድ ቤተ ሙከራ ሄጄ ነበር። ተመራማሪዋ ሁለት ናሙና አወጣችልኝ፣ ሁለቱም ከቀይ ባሕር ወለል። የመጀመሪያውን በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ወይ ጉድ! ድብልብል ክፍሎች እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ላያቸው በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። አንዷን ለብቻዋ ብዙ አየኋት። የመጨረሻው ክፍሏ ከሌሎቹ ይተልቃል፤ አፏ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ሁለተኛውን አስገባችልኝ። ውሃው ራሱ ያዘቀጠው የኖራ ቅርፊት ስብርባሪ ብቻ። ከተንሳፋፊዎቹ አንድም የለም። ሳህኑን ወዲያ ወዲህ አደረግኩት። የለም። "ባዶነቱን ነው ያሳየሁህ" አለችኝ።

ይህ ሁለተኛው ደለል የተቀመጠው ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የዓለም ውሃ በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ተቆልሎ፣ ባሕሩ 120 ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። ቀይ ባሕር ደግሞ ይህ ነው የሚባል ወንዝ አይገባበትም። ፀሐይ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ትወስድበታለች። የሚተካለት በደቡብ በሩ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው፤ እዚያ ሀኒሽ ደሴቶች አጠገብ ወለሉ ከፍ ብሎ የሠራው ደፍ ግን ጥልቀቱ 137 ሜትር ነው። እስቲ ቀንሱት። በሩ አልተዘጋም፣ ግን ጠበበ። ዛሬ በሺህ 40 ገደማ የሆነው ጨው ያኔ ከ50 አለፈ። መሀሉና ሰሜኑ ላይ ተንሳፋፊዎቹ አልቻሉትም፣ ጠፉ።

ጨው ካልን አይቀር፣ የዳናኪሉ አሞሌም እኮ ቀይ ባሕር ገብቶ፣ ተንኖ የተወው ነው። እሱን ሌላ ቀን።

ዛጎሉ ሌላም ነገር ይይዛል። ኦክስጅን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን 16 ይቀድማል፣ ከባዱ 18 ይቀራል። የተነነው በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ሲቀር ባሕሩ በከባዱ ይበዛል፣ ዛጎሉም ይህን ይይዛል። ተመራማሪው ኤሚሊያኒ በ1955 እ.ኤ.አ. ይህን በዋናነት የሙቀት ምልክት አድርጎ አነበበው። ሌላው ተመራማሪ ሻክልተን በ1967 መጥቶ አብዛኛው የበረዶው መጠን ነው አለ። አንድ ዛጎል ውስጥ የዓለም በረዶ! ይሄ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ግን የሚከነክነኝ ይሄ አይደለም። ከተንሳፋፊዎቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት ሳምንታት ነው። ጨው እየጨመረ መሆኑን አንዷም በዕድሜዋ አላየችውም ማለት ነው። እያንዳንዷ ባሕሩን እንደዚያው አግኝታ፣ እንደዚያው ትታ ሄደች። እኛም እንደዚያ ነን ልል ነበር... አይ፣ እኛማ ባሕሩ ሲለወጥ በአንድ ዕድሜ እያየን ነው። አይተን ግን...

ደግሞ ተመልሰዋል እኮ! በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲሞላ፣ ተንሳፋፊዎቹ እንደገና ደለሉ ውስጥ ይታያሉ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስም ይለኛል። ግን መመለስ ነው ይባላል? የመጡት ሌላ ቦታ የተረፉ የሌሎች ልጆች ናቸው፤ የነዚያ የጠፉት ደግሞ... ተመራማሪዋን ልጠይቃት የፈለግኩት ይሄን ነበር፣ ያኔ ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት...